የኋላ ጎማ ሲጢጥ ሲልና ሲያጓራ፦ የድምፁን ምንጭ ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

ከመኪና የኋላ ጎማ አካባቢ የሚወጣ ድምፅ ከሌሎች የመኪና ድምፆች ይበልጥ አሳሳች ነው። ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ነው፤ ድምፁም በሻንሲውና በወለሉ ላሜራ ተላልፎ ጆሮው ዘንድ ሲደርስ አቅጣጫውን ስቶ ስለሚሆን፣ ከግራ የሚወጣው ከቀኝ፣ ከጎማ የሚወጣውም ከዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ክፍል) የመጣ መስሎ ይሰማል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለ መኪና ድምፁን በሰማ ማግስት ኩሽኔታ (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያስችለውን ቤሪንግ) ገዝቶ ያስቀይራል፤ ድምፁ ግን እንደነበረ ይቀራል። ይህ መመሪያ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ መኪናቸውን በራሳቸው ለሚከታተሉና ጋራዥ ከመግባታቸው በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ድምፁ ምንን ተከትሎ እንደሚመጣና ምን ሲደረግ እንደሚጠፋ ሳይታወቅ አንድም ቡሎን አይፈታም፣ አንድም ዕቃ አይገዛም።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ መኪናውን ከተነሣ በኋላ የሚሸከም መደገፊያ ብረት፣ ቢያንስ አራት ታኮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 12 ቁጥር ቁልፍ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ውኃ የያዘ ጠርሙስ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጆሮውን የሚያውስ አንድ ረዳት ነው።

አንደኛ፦ ሳይፈቱ ማዳመጥ

በመጀመሪያ ከኋላ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያውርዱ። ያልታሰረ ክሪክ፣ ጀሪካን፣ የላላ ስኮርታ ጎማ፣ የወንበር ማጠፊያ፣ ሁሉም የጎማ ችግር የሚመስል ድምፅ ያወጣሉ፤ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አንጠልጥሎ የያዘው ጎሚኒ (የላስቲክ ማያያዣ) ሲያረጅም ቧንቧው ከወለሉ ጋር እየተነካካ ያጉረመርማል። ሞተሩ ጠፍቶና ቧንቧው ቀዝቅዞ ሳለ ማርሚታውን በእጅ ወዝወዝ አድርጎ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለና ብዙ መኪና የማይበዛበት መንገድ ይምረጡ። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ያለው ሜዳማ መንገድ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ አቀበትና ቁልቁለት የበዛበት መንገድ ግን የሞተሩ ድምፅ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ጆሮን ያደናግራል። መስኮቶቹን ከፍተው በዝግታ በግንብ አጥር አጠገብ ሲያልፉ ድምፁ ከአጥሩ እየተመለሰ ስለሚመጣ በየትኛው ወገን እንዳለ ለመለየት ይረዳል። በዚህ ጉዞ ላይ አምስት ነገሮችን አንድ በአንድ ይሞክሩ።

የመጀመሪያው፣ ድምፁ ከጎማው መሽከርከር ጋር አብሮ መሄዱን ማረጋገጥ ነው። መኪናው ሲዘገይ ድምፁ ከዘገየ፣ ሲፈጥን ከፈጠነ፣ የሚሽከረከር ነገር ነው ማለት ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ማርሹን ለጥቂት ጊዜ ኒውትራል ያድርጉት፤ የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ግን በነበረበት ከቀጠለ ሞተሩና ካምቢዮው ነጻ ናቸው። ይህ ሙከራ በሜዳ ላይ ብቻ የሚደረግ እንጂ በቁልቁለት ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም።

ሁለተኛው የፍሬን ሙከራ ነው። በዝግታ እየሄዱ ፔዳሉን በጣም በቀስታ ይንኩ። ድምፁ ያን ጊዜ ከጠፋ ወይም ጠባዩን ከለወጠ ምንጩ ፍሬን ውስጥ ነው። ነገር ግን ፔዳሉ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን በአንድነት ስለሚይዝ፣ የኋላውን ለይቶ ለማወቅ የእጅ ፍሬኑ ይረዳል። ደረቅና ባዶ በሆነ ቦታ፣ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች እየሄዱ፣ የመልቀቂያውን ቁልፍ በአውራ ጣት እንደተጫኑ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ፣ ሲነሣ ድምፁ ከተለወጠ መልሱ ተገኝቷል።

ሦስተኛው የክብደት ሙከራ ነው። በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ፣ ከፊትም ከኋላም ማንም አለመኖሩን አረጋግጠው፣ መሪውን በዝግታ ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ ያወዛውዙት። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማዎች ስለሚያዘነብል፣ ጉርምርምታው ያን ጊዜ ከጨመረ በአብዛኛው የግራው ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከጨመረ ደግሞ የቀኙ። ምንም ልዩነት ከሌለ ኩሽኔታን ከመጠርጠር በፊት ጎማው ራሱ መታየት አለበት።

አራተኛው የነዳጅ ሙከራ ሲሆን የሚመለከተው የኋላ ጎማዎቻቸው የሚነዱትን ሚኒባሶችና ፒካፖች ነው። ነዳጅ ሲሰጥ የሚያጓራ፣ እግር ሲነሣ ዝም የሚል ወይም ደግሞ ተገላቢጦሹን የሚያደርግ ድምፅ ብዙ ጊዜ የዲፈረንሻል ነው። የጎማ ኩሽኔታ ግን ነዳጅ ተሰጠ አልተሰጠ ግድ የለውም፤ እሱ የሚያውቀው ፍጥነትንና ክብደትን ነው።

አምስተኛው መኪናው ቆሞ ሳለ የሚደረግ ነው። የኋላውን ጥግ በሁለት እጅ ወደ ታች እየተጫኑ ይልቀቁት። ጎማው ሳይዞር ሲጢጥ ካለ ነገሩ ከፍሬንና ከኩሽኔታ ወጥቶ ወደ ባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ)፣ ወደ ጎሚኒ ወይም ወደ ሾክ አብዞርበር ሄዷል።

ሁለተኛ፦ ክሪክ ሳይገባ የሚታዩ ነገሮች

ከሙከራው ጉዞ ሲመለሱ ሞተሩን አጥፍተው ወዲያውኑ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሂዱ። የእጅዎን ጀርባ ሳያስነኩ ወደ ቸርኬው መሐል ያስጠጉና የግራውንና የቀኙን ሙቀት ያወዳድሩ። ፍሬን ብዙ ሳይያዝ የተሄደ መንገድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ጎልቶ ከሞቀ፣ ወይ ፍሬኑ ሳይለቅ እየታሸ ነው፣ ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው።

ቀጥሎ ጎማውን ይዳብሱ። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ አኑረው በአንድ አቅጣጫ ይጎትቱት፤ ከዚያ በተቃራኒው ይመልሱት። ሲሄድ ለስላሳ ሆኖ ሲመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ከፍ ዝቅ እያለ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኙ፣ ጎማው ያለ አግባብ ተበልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጎማ በአስፋልት ላይ የሚያወጣው ጉርምርምታ ከተበላ ኩሽኔታ ድምፅ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የመንገዱ ገጽ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲገባ፣ የጎማው ድምፅ አብሮ የሚለወጥ መሆኑ ነው።

በፍኖተ ሰላም የሚሠራ አንድ ወጣት የሚኒባስ ሾፌር በዚሁ ጉዳይ ወደ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሲመጣ ተመልክቻለሁ። «ጋሼ፣ ኩሽኔታው የተቀየረው ገና በዚህ ሳምንት ነው፤ እንዴት እንደገና ያጓራል?» አለ። ሰውየው መልስ አልሰጡትም፤ ጎንበስ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ሄድ መለስ አደረጉና «እጅህን አምጣ ልጄ፤ በዚህ በኩል ዳብስ፤ አሁን ደግሞ መልሰህ ዳብስ» አሉት። የኋላዎቹን ጎማዎች ወደ ፊት፣ የፊቶቹን ወደ ኋላ አዛውረው ሲለቁት ጉርምርምታው ወደ ፊት ተዛወረ። ጎማዎቹ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው እስከሆኑ ድረስ ይህ ሙከራ ከጉልበት በስተቀር ምንም ስለማያስወጣ፣ ማንም ሰው ኩሽኔታ ከመግዛቱ በፊት ቢያደርገው መልካም ነው። ጎማን ያለ አግባብ የሚያስበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ሾክ አብዞርበር ወይም የተዛባ የጎማ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታረም አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ ጮቄ ግርጌ ወረዳዎች የሚወጡ ወይም ከዋናው አስፋልት ተገንጥለው በጠጠር መንገድ የሚመላለሱ መኪኖች ሌላም ነገር ያጋጥማቸዋል። አንዲት ትንሽ ጠጠር በፍሬን ታምቡሩ (ከጎማው ጋር በሚዞረው የፍሬን ክዳን) እና ከጀርባው ባለው ላሜራ መካከል ወይም በዲስኩና በመከላከያ ላሜራው መካከል ስትገባ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ታወጣለች። ጩኸቱ የሚጀምረው በድንገት ነው፤ ሾፌሩም መኪናው የተሰበረ ይመስለዋል። ጥቂት ሜትሮችን ወደ ኋላ እየሄዱ ፍሬን መያዝና መልቀቅ ብዙ ጊዜ ያስወጣታል፤ እምቢ ካለች ጎማው ወርዶ ላሜራው በካቻቢቴ በቀስታ ገለጥ ይደረጋል። በክረምት ደግሞ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተጋገረ የዋልካ ጭቃ ሲደርቅ ጎማውን ሚዛን ያሳጣዋል፤ ይህ ግን ከድምፁ ይልቅ በመንቀጥቀጡ ይታወቃል፤ መፍትሔውም ቸርኬውን በእንጨት ፈቅፍቆ ማጠብ ነው።

ሦስተኛ፦ መኪናውን ማንሣት

የኋላ ጎማ ሲመረመር የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት፣ መኪናውን ይዞ የሚያስቆመው ታኮ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ። የፊት ጎማዎቹ የሚነዱ መኪና ከሆነ ማርሽ ውስጥ ይተዉት፤ የኋላዎቹ የሚነዱ ከሆነ ግን ጎማው እንዲዞር ኒውትራል ማድረግ ግድ ስለሚሆን ታኮው ይበልጥ ይታሰብበት። በክረምት የዋልካ አፈር ክሪክን እንደቆመ ስለሚውጥ ከሥሩ ወፍራምና ሰፊ ሳንቃ ሳይነጠፍ መኪና አይነሣም። የጎማው ቡሎኖች ጎማው መሬት ላይ ሳለ በመጠኑ ይላላሉ፤ መኪናው ከተነሣ በኋላም መደገፊያ ብረቱ በሻንሲው ወይም በአክስሉ ሥር ሳይገባ ማንም ሰው እጁንም ሆነ ጭንቅላቱን ከሥር አያስገባም። ድንጋይ ደርድሮ መደገፍ በመንገድ ዳር የተለመደ ቢሆንም፣ ድንጋይ በክብደት ሥር ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈነዳ በፍጹም አልመክረውም።

ጎማው ከመውረዱ በፊት ሦስት ነገሮች ይደረጋሉ። ጎማውን በእጅ አዙረው ያዳምጡ፤ በየዙሩ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ሽው የሚል ቀላል ድምፅ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ወይም ዲስኩን እየታሸ የሚያስቆመው ዕቃ) መንካት ስለሆነ አያስፈራም፤ ያለማቋረጥ የሚንኮሻኮሽ ሻካራ ድምፅ ግን የኩሽኔታ ነው። ከዚያ በአንድ እጅ ጎማውን እያዞሩ በሌላው እጅ ሞላውን ወይም ባሌስትራውን ይያዙ፤ ጆሮ ያልለየውን ንዝረት ብረቱ ለጣት ያደርሳል፤ ጤነኛው ወገን ጸጥ ሲል የተበላው ወገን አሸዋ በውስጡ እንዳለ ሁሉ ይንዘፈዘፋል። በመጨረሻም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ለኋላ ኩሽኔታ የሚፈቀደው ልቅነት 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም በእጅ የማይታወቅ መጠን ስለሆነ፣ እጅዎ ልቅነት ከተሰማው ኩሽኔታው አልቋል ወይም የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ማሰሪያ ላልቷል። የኋላ ጎማዎቻቸው በሚነዱ መኪኖች ላይ ሁለቱም ተነሥተው አንዱን ጎማ ሲያዞሩ ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዞር፣ ከመሐልም ትንሽ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢሰማ የዲፈረንሻሉ አሠራር ነውና አይደንግጡ።

አራተኛ፦ ታምቡሩን መክፈት

በመንገዶቻችን ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ኮሮላዎች፣ ቪትዞች፣ ሚኒባሶችና ፒካፖች ከኋላ ያላቸው የታምቡር ፍሬን ነው። ታምቡር የተዘጋ ዕቃ በመሆኑ የገባበት አቧራና ጭቃ በቀላሉ አይወጣም፤ ስለዚህ በእኔ ግምት በአካባቢያችን ከኋላ ጎማ የሚሰማው ሲጢጥታ ብዙው የሚገኘው እዚህ ውስጥ ነው። ዘለግ አድርገን የምናየውም ለዚሁ ነው።

ጎማው ከወረደ በኋላ ታምቡሩን በሁለት እጅ ይሳቡት። ካልወጣ በመዶሻ ጠርዙን አይምቱት፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል። በብዙ የቶዮታ ታምቡሮች ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሁለት ቡሎኖችን አስገብተው በ12 ቁጥር ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በእኩል ሲያጠብቋቸው ታምቡሩን ራሳቸው ገፍተው ያወጡታል። አሁንም ከያዘ ታምቡሩ በብዙ አገልግሎት ተበልቶ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ከንፈር ስላበጀና ሸራዎቹ ከዚያ ከንፈር ኋላ ስለተቀረቀሩ ነው፤ ያን ጊዜ ከጀርባው ባለው ላሜራ ላይ በሚገኘው ቀዳዳ በኩል የሸራውን ማስተካከያ ጥርስ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ማዞር ያስፈልጋል።

ታምቡሩ ሲከፈት ጥቁር አቧራ ይወጣል። ይህን አቧራ በአፍም ሆነ በኮምፕረሰር መንፋት ክልክል መሆን አለበት፤ የቆዩ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላልና። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ አቧራውን በውኃ አርጥቦ በጨርቅ ማበስ፣ ጨርቁንም መጣል ነው። አንድም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የሞላዎቹን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ በአንድ ጊዜም አንዱን ወገን ብቻ ይፍቱ፤ ሌላው ሳይነካ ቢቆይ ለአገጣጠሙ ምሳሌ ይሆንልዎታል።

አሁን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። የሸራው ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከቀረበ ጊዜው አልፏል፤ በምስማር የተመታ ሸራ ከሆነ ደግሞ የምስማሩ ራስ ታምቡሩን ሳይነካ በፊት መቀየር አለበት። ሸራው ወፍራም ሆኖ ሳለ ገጹ እንደተወለወለ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በሙቀት ተቃጥሏል፤ የቀጭኑ ሲጢጥታ ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የብርጭቆ ወረቀት በመጠኑ አርጥበው ብልጭታው እስኪጠፋ ቢያሹት ይመለሳል፤ የታምቡሩም ውስጠኛ ገጽ እንዲሁ ይታሻል። ታምቡሩ ላይ በጥፍር የሚያዝ ጉድጓድ ካለ ግን ወደ ሞራጅ ቤት ይሄዳል። በታምቡሩ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ዲያሜትር ተቀርጾ ይገኛል፤ ለምሳሌ አዲስ ሳለ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ የኮሮላ ታምቡር 201 ሲደርስ ይጣላል እንጂ እንደገና አይሞረድም።

ሸራው ከረጠበ ፈሳሹ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። በጣትዎ ነክተው ይመርምሩት። ቀጭንና በውኃ ሲታጠብ የሚለቅ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ የመጣውም ከሸራዎቹ በላይ ካለው ትንሽ የፍሬን ሲሊንደር ነው፤ የሲሊንደሩን የጎማ ከናፍር በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ ፈሳሽ ይታያል። ወፍራም፣ የሚሳብና ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የአክስሉ ዘይት መያዣ ጎሚኒ ነው። አንዳንድ ሰው ዘይት የነካውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ በእሳት ይለበልበዋል፤ ይህ አደገኛም ከንቱም ነው፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። ዘይት የጠጣ ሸራ ይቀየራል፤ የሚቀየረውም ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ነው፤ አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሸራዎቹ የሚንሸራተቱት ከጀርባ ባለው ላሜራ ላይ በተሠሩ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች ላይ ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች ለእያንዳንዱ ሸራ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ናቸው። እነዚህ ነጥቦች ሲደርቁና ሲዝጉ ፔዳሉ በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር የበር ማጠፊያ ዓይነት ሲጢጥታ ይሰማል፤ አንዳንዴም መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይሰማል። ነጥቦቹን አጽድተው ሙቀት የሚችል ግሪስ እጅግ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ግሪሱ ሸራውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። አዲስ ሸራ ገጥሞ ይህን ያልሠራ ሰው «ሸራው ጥራት የለውም» እያለ ባለ ሱቁን ሲወቅስ ይኖራል።

ከዚህ ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ይፈትሹ። ረዳትዎ የእጅ ፍሬኑን ሲያነሣና ሲለቅ ታምቡሩ ውስጥ ያለው ክንድ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ የገባበት ሽቦ ከሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ስለሚይዝ፣ ሾፌሩ የለቀቀ ቢመስለውም ሸራው ታምቡሩን እየነካ ይሄዳል፤ ያ ጎማ ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ዝገቱ ከበረታ ሽቦው ይቀየራል።

እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባሉ ቀዝቃዛና ጤዛ በሚበዛባቸው ከተሞች ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ ከኋላ እያጓራ ጥቂት ይጓዛል። ምክንያቱ ሌሊት በታምቡሩ ላይ ያረፈው ስስ ዝገት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ከጠፋ ምንም የሚሠራለት የለም፤ ከታጠበ ወይም ወንዝ ከተሻገረ መኪና የሚሰማውም እንዲሁ ነው።

ከኋላ የዲስክ ፍሬን ላላቸው መኪኖች ነገሩ ቀለል ይላል። ብዙ ሸራዎች ሲሳሱ ዲስኩን እየነካች የምትጮህ ትንሽ የብረት ምላስ አላቸው፤ ጩኸቷ ማስጠንቀቂያ እንጂ ብልሽት አይደለም። የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው ተለይቶ ከተበላ ግን መያዣው የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀዋልና ይጽዱ፣ ለዚሁ የተሠራ ግሪስም ይቀቡ።

የአባይን በረሃ ለሚሻገሩ

ከደጀን ወደ ሕዳሴ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በፔዳል ብቻ የወረደ ሾፌር ሸራዎቹን ያቃጥላል፤ በማግስቱ የሚሰማው ሲጢጥታ የዚያ ውጤት ነው። አቀበቱ የሚወጣበትን ማርሽ አስገብቶ በሞተር እየያዙ መውረድ፣ ፔዳሉንም ለረጅም ጊዜ ሳይሆን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ይገባል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ በታኮ አቁመው እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት ያጣምመዋል ወይም ይሰነጥቀዋል፤ በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አጥብቆ መተውም ታምቡሩ ሲቀዘቅዝና ሲጠብ ሸራው ላይ እንዲነክስ ያደርገዋል። ኩሽኔታው ያጓራ መኪና ደግሞ ይህን መንገድ ከመጀመሩ በፊት መታየት አለበት፤ በበረሃው ውስጥ ለመቆም የሚያስገድድ ብልሽት ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ ብርቱ ፈተና ነው።

አምስተኛ፦ ኩሽኔታ መሆኑ ከተረጋገጠ

የፊት ጎማዎቻቸው በሚነዱ ኮሮላዎችና ቪትዞች ላይ የኋላው ኩሽኔታ ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና በአራት ቡሎን የሚታሰር ስለሆነ፣ በአንድነት ይቀየራል፤ ውስጡን ከፍቶ ግሪስ መጨመር አይቻልም። ኤ.ቢ.ኤስ. (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ከሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ሽቦው በጥንቃቄ ይፈታ፤ እንዲያውም የኤ.ቢ.ኤስ. መብራት ከጉርምርምታው ጋር አብሮ መብራቱ በኩሽኔታው ላይ ያለውን ጥርጣሬ የሚያጠናክር ነው። እንደ ሃይሉክስ ባሉ ፒካፖች ግን ኩሽኔታው በአክስሉ ላይ በፕሬስ ተጠቅጥቆ የገባ ነው፤ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ በመዶሻ ተመትቶ የገባ አዲስ ኩሽኔታ ወዲያው መጮህ ይጀምራል። ኩሽኔታው በወጣ ቁጥር የዘይት መያዣው ጎሚኒም አብሮ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሲያፈስ ግን አዲሱን ሸራ ያበላሻል።

ጉርምርምታ ኖሮ ልቅነት ከሌለ በዝግታ እስከ ቅርቡ ከተማ መድረስ ይቻላል። ልቅነት ካለ መኪናው ካለበት መንቀሳቀስ የለበትም።

ስድስተኛ፦ ጎማው ሳይዞር የሚሰማ ሲጢጥታ

ጉድጓድ ሲገባ ወይም ሰው ሲሳፈር ብቻ የሚሰማውን ድምፅ ለማግኘት በጠርሙስ የያዙት ውኃ ይጠቅማል። አንድ ሰው የመኪናውን ጥግ እየተጫነ ሌላው በጎሚኒዎቹ ላይ ተራ በተራ ውኃ ያፍስስ፤ ሲጢጥታው ለጊዜው የጠፋበት ጎሚኒ ጥፋተኛው ነው። በጎሚኒ ላይ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ድምፁን ለጥቂት ቀናት ያጠፋዋል፤ ላስቲኩን ግን ያሳብጠውና ያበሰብሰዋል። ባሌስትራ ያላቸው መኪኖች በቅጠሎቹ መካከል የገባ ጭቃ ስለሚያስጮኻቸው በመጀመሪያ በውኃ ግፊት ይታጠቡ፤ ከዚያም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች አለመላላታቸው፣ ከቅጠሎቹም የተሰነጠቀ አለመኖሩ ይታይ።

ዲፈረንሻል ከተጠረጠረ ከመክፈት በፊት የዘይቱን መጠን መመልከት ይቀድማል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የመሙያው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ድረስ መሆን አለበት። ጎድሎ ከተገኘ በአምራቹ የታዘዘው ዓይነት ይሞላና ያፈሰሰበት ቦታ ይፈለጋል፤ በዘይቱ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ካለ ግን ሥራው ለባለሙያ ይተዋል።

ሰባተኛ፦ መግጠምና መሞከር

ታምቡሩ ተመልሶ ሲገባ ሸራዎቹ በጣም በስሱ እየነኩት በእጅ መዞር አለበት። ፔዳሉን ደጋግመው ረግጠው ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ካደረጉ በኋላ የእጅ ፍሬኑን ያስተካክሉ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ4 እስከ 8 ቀጭታ ባለው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መያዝ ይኖርበታል። የጎማው ቡሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጠብቁ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ይሁን። ለአነስተኛ የቶዮታ መኪኖች የታዘዘው ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ቁልፍ በሌለበት በመኪናው የጎማ መፍቻ በእጅ ኃይል ማጥበቅ ይበቃል፤ በመፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ መርገጥ ግን ጥርሱን ይበላል፣ ታምቡሩንም ያጣምማል።

ከዚያ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ረዳት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሙከራዎች ይደገማሉ። አዲስ የተገጠመ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ሊያሽ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ጭነትና ረጅም ቁልቁለት ይቅር። የጎማዎቹ ቡሎኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለባቸው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለተነሣ ሰው ይህ ፍኖተ ሰላም ላይ ለሻይ ሲቆም የሚሠራው ሥራ ነው።